ለጥቁርና ነጭ ፎቶግራፍ ቅብ የሚመረጠው ከኅትመቱ በፊት ነው

አንድ ደንበኛ የአያቶቹን የጋብቻ ፎቶግራፍ ይዞ ወደ ማተሚያ ቤት ይገባል። ፎቶግራፉ መዳፍ የሚያህል፣ ጠርዙ የተበላ፣ በንጉሡ ዘመን የተነሣ ነው። በስካነር ይነሣል፤ ጭረቱ በኮምፒዩተር ይጸዳል፤ ከዚያም በኢንክጄት ማተሚያ ለሳሎን ግድግዳ በሚበቃ መጠን ይታተማል። ደንበኛው ተደስቶ ሂሳቡን ከፍሎ ይሄዳል። ዓመት ሳይሞላ ግን ያው ደንበኛ ሥዕሉን አቅፎ ይመለሳል። የሙሽራው ጥቁር ካባ ወደ አረንጓዴ አድልቷል፤ ጣት የነካው ቦታ ተፍቋል፤ ከጎን ሲያዩት ደግሞ ጥቁሩ ላይ እንደ መዳብ ያለ ነጸብራቅ ይታያል። ዋናው ትንሽ ፎቶግራፍ ግን ከሃምሳ ዓመት በላይ ቆይቶ ዛሬም ፊቱ ይለያል። ደንበኛው አሮጌው ይህን ያህል ከቆየ አዲሱ ለምን ቶሎ እንዳበቃለት ማወቅ ይፈልጋል።

ጥያቄው የዕውቀት ብቻ ሳይሆን የገንዘብም ነው። አሮጌ ፎቶግራፍ አሳድጎ የሚያትም፣ ለሆቴልና ለካፌ ግድግዳ ጥቁርና ነጭ ሥዕል የሚያቀርብ፣ ወረቀትና ቀለም የሚያስመጣ ሁሉ መልሱን ማወቅ ይኖርበታል። ብዙ ጊዜ የሚሰጠው መልስ "ቅብ ስላልተቀባ ነው" የሚል ነው። መልሱ ግማሽ እውነት አለው። ቅብ ጥሩን ኅትመት ያቆያል፤ መጥፎውን ግን አያድንም። ስለዚህ ቅቡ የሚመረጠው ሥራው ካለቀ በኋላ ሳይሆን ወረቀቱና ቀለሙ በሚመረጡበት ሰዓት ነው።

ምስሉ የተቀመጠው የት ላይ ነው?

በጨለማ ክፍል የታጠበው የድሮ ጥቁርና ነጭ ፎቶግራፍ ምስሉ የተሠራው ከብር ቅንጣት ነው። ብሩ ጄላቲን በተባለ ስስ ንጣፍ ውስጥ ተቀብሯል፤ በላዩም ሌላ የጄላቲን ሽፋን ተደርቦበታል። በአጭሩ ፎቶግራፉ ከፋብሪካ ሲወጣ ቅቡን ይዞ ነው የወጣው።

ኢንክጄት እንዲህ አይደለም። ማተሚያው በጣም ጥቃቅን የቀለም ጠብታዎችን በወረቀቱ ፊት ላይ ይረጫል። ቀለሙ ሁለት ዓይነት ነው። አንደኛው ዳይ ይባላል፤ በፈሳሹ ውስጥ ፈጽሞ የሟሟ በመሆኑ ወደ ወረቀቱ ንጣፍ ጠልቆ ይገባል፤ ብሩህና ለስላሳ መልክ ይሰጣል። ሁለተኛው ፒግመንት ይባላል፤ ያልሟሟ ደቃቅ ዱቄት ነው፤ አብዛኛው በወረቀቱ ፊት ላይ ይቀራል። ዳይ በብርሃንና በአየር ቶሎ ይጠቃል። ፒግመንት ብርሃንን ይቋቋማል፤ ነገር ግን ላይ ላዩን ስለተቀመጠ በጥፍርና በጨርቅ ይፋቃል።

ወረቀቱም ሁለት ዓይነት ነው። በአንደኛው ላይ ያለው ንጣፍ ውሃ ሲነካው የሚያብጥ ነው፤ ቀለሙን ውጦ መልሶ ይዘጋበታል። ለመድረቅ ጊዜ ይፈልጋል፤ እርጥበትም አይወድም፤ ዳይን ግን ከአየር ይከልላል። ሁለተኛው እንደ ስፖንጅ ጥቃቅን ቀዳዳ ያለው ንጣፍ ነው። ቀለም እንደነካው ስለሚደርቅ ለሥራ ይመቻል። ሆኖም ቀዳዳው ቀለም እንዳስገባ ሁሉ አየርም ያስገባል።

የዚህ ጣጣ እ.ኤ.አ. በ2000 በግልጽ ታይቷል። በዚያ ዓመት አንድ ስመ ጥር አምራች ለገበያ ያቀረበው የፎቶግራፍ ማተሚያና ወረቀት በቤተ ሙከራ ብርሃን ለዓመታት እንደሚቆይ ተነግሮለት ነበር። በአንዳንድ ገዢዎች ቤት ግን ሥዕሎቹ በቀናትና በሳምንታት ውስጥ ወደ ብርቱካንማ ተለወጡ። ጥፋቱ የብርሃን አልነበረም፤ በአየር ውስጥ ያለው ኦዞን በቀዳዳማው ወረቀት በኩል ገብቶ ሰማያዊውን ዳይ በልቶት ነው። ከዚያ ወዲህ ስለ ፎቶግራፍ ዕድሜ የሚነጋገር ሁሉ ከብርሃን ጎን ለጎን አየርንም ማንሣት ግድ ሆነበት።

ይህ ለፎቶኮፒ ቤት ባለቤት ልዩ ትርጉም አለው። የቆዩ የፎቶኮፒና የሌዘር ማሽኖች በሚሠሩበት ጊዜ ኦዞን ያወጣሉ። ናሙናውን ያለ መስታወት ከፎቶኮፒው ማሽን በላይ የሰቀለ ባለ ሱቅ በገዛ እጁ ሸቀጡን እያበላሸ ነው።

ጥቁርና ነጭ ነውር አይሸፍንም

በባለ ቀለም ሥዕል ላይ ቀሚሱ ትንሽ ቢደበዝዝ ማንም አያስተውልም። በጥቁርና ነጭ ግን ግራጫው ጥቂት ሲያዘነብል ዓይን ወዲያው ያየዋል። ምክንያቱ ግልጽ ነው። ብዙ ማተሚያዎች ግራጫን የሚሠሩት ሰማያዊውን፣ ቀዩንና ቢጫውን ቀለም በመደባለቅ ነው። በቢሮ ማተሚያዎች መካከል ደግሞ ጥቁራቸው ፒግመንት፣ ሌሎቹ ዳይ የሆኑ አሉ። እንዲህ ያሉት አንጸባራቂ ወረቀት ሲገባላቸው ብዙውን ጊዜ ጥቁሩን ትተው በሦስቱ ቀለሞች ብቻ ያትማሉ። ከሦስቱ አንዱ ቀድሞ ሲደክም ግራጫው ወደ ቀሩት ሁለቱ ያደላል፤ አረንጓዴ ወይም ቀላ ያለ ይሆናል። ይህን የሚመልስ ቅብ የለም።

ለዚህም ነው ለጥቁርና ነጭ ሥራ የታሰቡ ማተሚያዎች ጥቁርና ግራጫ ቀለሞችን ለየብቻ የሚይዙት። ኤፕሰን እ.ኤ.አ. በ2005 ያወጣው አልትራክሮም ኬ3 የተባለው ቀለም በአንድ ጊዜ ጥቁር፣ ቀላል ጥቁርና በጣም ቀላል ጥቁር እንዲጫን የሚያደርግ ነው። የጥቁር ፒግመንት መሠረቱ ካርቦን ነው፤ ከብርሃንና ከአየር ጋር ለመኖር ከካርቦን የተሻለ ጥቁር በገበያ ላይ የለም ቢባል ማጋነን አይሆንም። ጉድለቱ መልኩ ወደ ቡናማ የሚያዘነብል መሆኑ ነው፤ አምራቾችም ጥቂት ሌላ ቀለም እየጨመሩ ያስተካክሉታል።

ፒግመንት በአንጸባራቂ ወረቀት ላይ ሲታተም ሁለት ነውሮች ያሳያል። አንደኛው ከጎን ሲታይ ጥቁሩ ላይ የሚወጣው የመዳብ መሳይ ነጸብራቅ ነው። ሁለተኛው የአንጸባራቂነት መበላለጥ ነው፤ ቀለም ያረፈበት ጥቁር ቦታና ቀለም ያልነካው ነጭ ቦታ እኩል አያበሩም፤ ነጭ ሸማ የለበሰ ሰው ሥዕል ከጎን ሲታይ ሸማው የተለጠፈ ይመስላል። አምራቾች መፍትሔውን በማተሚያው ውስጥ አስገብተውታል። ኤፕሰን እ.ኤ.አ. በ2004 ለገበያ ባቀረበው አር800፣ ካኖን ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2011 ባስተዋወቀው ፒክስማ ፕሮ-1 ላይ ቀለም የሌለው፣ ብርሃኑን የሚያስተካክል ተጨማሪ ፈሳሽ አለ። ይህ ፈሳሽ የሌለው ማተሚያ ያለው ሰው ተመሳሳዩን ውጤት ለማግኘት ከውጭ መቀባት ይኖርበታል።

ግሎሲ ወይስ ማት?

ደንበኛ ግሎሲ ወይም ማት ብሎ ሲያዝ ምርጫው የጣዕም ብቻ ይመስለዋል። በእውነቱ የጥቁሩን ጥልቀት መምረጡ ነው። የጥቁር ጥልቀት ዴንሲቲ በሚባል ቁጥር ይለካል። ጥሩ የማት ወረቀት 1.6 ገደማ ይደርሳል፤ ጥሩ አንጸባራቂ ወረቀት 2.3 ሊደርስ ይችላል። ልዩነቱ ትንሽ ቢመስልም ሲሰላ ያስደንቃል። በ1.6 ጥቁሩ ከሚያርፍበት ብርሃን 2.5 በመቶ ያህሉን ይመልሳል፤ በ2.3 ግን 0.5 በመቶ ብቻ ነው የሚመልሰው። ማለትም የአንጸባራቂው ጥቁር አምስት እጥፍ ይጠልቃል።

ይሁን እንጂ ጠላቂው ጥቁር በመስኮት ፊት ለፊት ከተሰቀለ የመንገዱን መኪና እንጂ የአያትን ፊት አያሳይም። መስኮቱ ሰፊ ለሆነ የሆቴል እንግዳ መቀበያ ማት ወይም ከፊል አንጸባራቂ ይሻላል። መብራቱ ከላይ ብቻ ለሆነ ኮሪደር አንጸባራቂው ይመቻል።

ቅብ እነዚህን ቁጥሮች ይለውጣቸዋል። በማት ወረቀት ላይ ከፊል አንጸባራቂ ቅብ ሲረጭ ጥቁሩ ይጠልቃል። በተቃራኒው አንጸባራቂ ኅትመት ላይ ማት ቅብ ሲረጭ ጥቁሩ ወደ ግራጫ ይመጣል። ጥቁሩንና ግራጫውን በኮምፒዩተር ያስተካከለ ሰው ቅቡን ሳያስብ ካስተካከለ ልፋቱ ሁሉ የሚፈርሰው በመጨረሻው ሰዓት ነው። ሌላም መታወስ ያለበት ነገር አለ። ለአንጸባራቂና ለማት ወረቀት የሚሆነው ጥቁር ቀለም የተለያየ ነው። የማት ጥቁር በአንጸባራቂ ወረቀት ላይ ሲታተም አይያዝም፤ እንደ ጥቀርሻ ይለቅቃል። ይህን በቅብ ለመያዝ መሞከር ገንዘብ መጣል ነው።

የቅብ ዓይነቶችና ጠባያቸው

የመጀመሪያው ስፕሬይ ነው። ለኢንክጄት ፎቶግራፍ ተብሎ የተሠራው ስፕሬይ ብዙውን ጊዜ የአክሪሊክ ዘር ሆኖ በሚተን ማሟሟያ የተዘጋጀ ነው። እንደ ጀርመኑ ሃነሙሌ ያሉ የወረቀት አምራቾች በራሳቸው ስም ያቀርቡታል። ስስ ሆኖ ስለሚያርፍ የወረቀቱን ገጽ አይሸፍንም፤ ጭረትን፣ እርጥበትንና አየርን በመጠኑ ይከላከላል፤ የመዳቡን ነጸብራቅም ይቀንሳል።

ሁለተኛው በሮለር ወይም በብሩሽ የሚቀባ፣ በውሃ የሚቀጥን ቫርኒሽ ነው። ወፍራምና ጠንካራ ስለሆነ በሸራ ላይ ለታተመ ፒግመንት ይመረጣል። በዳይ ላይ ከተቀባ ግን ውሃው ቀለሙን ሊያንቀሳቅሰው ይችላል።

ሦስተኛው ሰም ነው። በጣም ስስ ተደርጎ ይቀባና በለስላሳ ጨርቅ ይወለወላል። በደንብ በደረቀ አንጸባራቂ ፒግመንት ላይ ገጹን እኩል ያደርጋል፤ ከጣት አሻራም ይጠብቃል። ከፀሐይ ግን አይከላከልም፤ በማት ወረቀት ላይም ጥቁሩን ሊያዛምት ይችላል።

አራተኛው ላሚኔሽን ነው። ለምግብ ዝርዝርና ለመታወቂያ ጥሩ ነው። ለሥዕል ሰብሳቢ ለሚሸጥ ሥራ ግን አይሆንም፤ አንዴ ከተጣበቀ አይነሣም፤ ሙዚየሞችና ሰብሳቢዎች ደግሞ የማይቀለበስ ሥራ አይወዱም። በደንብ ሳይደርቅ ከተለጠፈም አየር ይቋጥራል።

ከእነዚህ ውጪ ያለውን መሞከር አደጋ ነው። የፀጉር ስፕሬይ፣ የቤት ዕቃ ቫርኒሽና የመኪና ቅብ ለፎቶግራፍ አልተሠሩም። ኒትሮሴሉሎስ ያለባቸውና በዘይት የተዘጋጁ ቫርኒሾች በጊዜ ብዛት ቢጫ ይሆናሉ። ቢጫው በባለ ቀለም ሥዕል ሊደበቅ ይችላል፤ በነጭ ሸማ ላይ ግን መሸሸጊያ የለውም።

ፀሐይን ይከላከላል የሚል ጽሑፍ ያለበትን ቅብ የሚገዛም አንድ ነገር ይወቅ። በጣም ነጭ የሚመስሉ ወረቀቶች ነጭነታቸው ከወረቀቱ ብቻ አይደለም፤ አልትራቫዮሌት ጨረርን ወደ ሰማያዊ ብርሃን የሚለውጥ ማንጫ ተጨምሮባቸዋል። ጨረሩን የሚያግድ ቅብ ሲረጭባቸው ማንጫው ሥራ ይፈታል፤ ወረቀቱም ወዲያው ሞቅ ያለ መልክ ይይዛል። ቅቡ ተበላሽቶ አይደለም፤ ወረቀቱና ቅቡ አብረው ስላልተመረጡ ነው።

የአዲስ አበባ አየርና ቅብ

አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ 2,300 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ትገኛለች። በየ1,000 ሜትሩ ከፍታ የአልትራቫዮሌት ጨረር 10 በመቶ ገደማ ይጨምራል። በመሆኑም ዝቅተኛ ቦታ ላይ የተሞከረ ስፕሬይ እዚህ ፀሐይ ላይ ቢሰቀል ያንኑ ያህል ይቆያል ብሎ መተማመን አይገባም። ተራ የመስኮት መስታወትም የጨረሩን አንድ ክፍል ብቻ ነው የሚያስቀረው።

ክረምት ደግሞ ሌላ ጣጣ አለው። አየሩ እርጥብ በሆነበት ቀን ስፕሬይ ሲረጭ ማሟሟያው ቶሎ እየተነነ ገጹን ያቀዘቅዛል፤ እርጥበቱም ይያዝና ጥቁሩ ላይ ነጭ ጉም ይቀራል። በሐምሌና በነሐሴ የሚቀባ ሰው ዝናብ ያባራበትን፣ ክፍሉም ሞቅ ያለበትን ሰዓት መጠበቅ አለበት። በበጋ የሚያስቸግረው አቧራ ነው፤ በእርጥብ ቅብ ላይ ያረፈ አቧራ እዚያው ይቀራል።

አሠራሩ ከባድ አይደለም፤ ትዕግሥት ግን ይጠይቃል። ኅትመቱ ቢያንስ 24 ሰዓት አየር እያገኘ ይድረቅ፤ በቀለሙ ውስጥ ያለው ቀስ ብሎ የሚተን ፈሳሽ ካልወጣ ቅቡ ሥር ይታፈናል፤ በፍሬም ከታሰረም መስታወቱን ያጨፈግገዋል። የቀረ ነጠብጣብ ካለ ከቅቡ በፊት ይስተካከል። አቧራው በለስላሳ ብሩሽ ይነሣ። ከዚያ ከ20 እስከ 30 ሳንቲ ሜትር ርቀት፣ አንድ ጊዜ ወደ ጎን፣ ከደረቀ በኋላ ወደ ታች፣ ስስ ስስ እየተደረገ ይረጭ። አንድ ወፍራም ቅብ ሦስት ስስ ቅቦችን አይተካም፤ የቸኮለች አፍሳ ለቀመች እንደሚባለው ነው። ማሟሟያው ተቀጣጣይና ለሳንባ ጎጂ ስለሆነ ክፍሉ አየር ይኑረው፤ እሳትና ሲጋራ ይራቁ፤ የሚረጨውም ሰው ተስማሚ የመተንፈሻ ጭምብል ያድርግ።

ስሌቱ ምን ይላል?

ለምሳሌ ያህል አንድ ነጋዴ ለሆቴል 60 ጥቁርና ነጭ ሥዕሎች ሊያቀርብ ተዋዋለ እንበል። የአንዱ ወረቀትና ቀለም 1,000 ብር፣ ቅቡ 150 ብር ቢያስወጣ ኅትመቱ 60,000 ብር፣ ቅቡ 9,000 ብር ይሆናል። ቅቡ ወጪውን የሚመልሰው 9 ሥዕሎችን ዳግም ከመታተም ካዳነ ነው። ሥዕሎቹ ያለ መስታወት በኮሪደር የሚሰቀሉ፣ የእንግዳ ትከሻና የጽዳት ጨርቅ የሚነካቸው ከሆኑ 9 ሥዕል ብዙ አይደለም፤ የማውረጃው፣ የፍሬም መፍቻውና የጠፋው እምነት ሂሳብ ገና አልተጨመረም።

ሥዕሎቹ በመስታወት ሥር የሚገቡ ከሆነ ስሌቱ ይለወጣል። መስታወት ራሱ ጭረትንም ሆነ አየርን ይከላከላል። በካርቦን ፒግመንት በጥሩ ወረቀት ላይ የታተመ፣ በፎቶውና በመስታወቱ መካከል ክፍተት የሚፈጥር የካርቶን ክፈፍ ያለው ሥዕል ቅብ ላያስፈልገው ይችላል። በዚህ ጊዜ 9,000 ብሩን ወደ ተሻለ ወረቀት ወይም ጨረር ወደሚያግድ መስታወት ማዞር ብልህነት ነው። ክፍተቱ ግን አይዘለል፤ መስታወት የነካው አንጸባራቂ ሥዕል ከጊዜ በኋላ ተጣብቆ ይቀራል።

ከመግዛትና ከመዋዋል በፊት

ወረቀትና ቀለም የሚያስመጣ ነጋዴ ማሸጊያው ላይ የተጻፈውን የዓመት ቁጥር እንዳለ መቀበል የለበትም። በአሜሪካ የሚገኘው ዊልሄልም ኢሜጂንግ ሪሰርች የኅትመቶችን ዕድሜ በመፈተሽ የታወቀ ድርጅት ነው። ውጤቱን የሚያወጣው ለተወሰነ ማተሚያ፣ ለተወሰነ ቀለምና ለተወሰነ ወረቀት ነው፤ በመስታወት ሥር የተቀመጠውንና ገላጣውን ለይቶ ያሳያል። በዋናው ቀለም የተገኘ ቁጥር በሌላ አምራች መሙያ ቀለም ለታተመ ሥራ ዋስ አይሆንም።

ከሁሉ የሚበልጠው ግን በራስ ቤት የሚደረግ ሙከራ ነው። ከነጭ እስከ ጥቁር ደረጃ በደረጃ የሚጨልም ቁራጭ ይታተም። ከደረቀ በኋላ ግማሹ ይቀባ፤ ግማሹ ይቅር። በመስኮት ብርሃን ከፊትም ከጎንም ይታይ፤ ጥቁሩ ጠልቋል ወይስ ግራጫ ሆኗል፣ ነጩ ሞቋል ወይስ እንደነበረ ነው፣ የመዳቡ ነጸብራቅ ጠፍቷል ወይ? ከዚያ ቁራጩ ለሁለት ይቆረጥ፤ ሁለቱም ወገን የተቀባና ያልተቀባ ክፍል ይኑረው። አንዱ በጨለማ ፖስታ ይቀመጥ፤ ሌላው ፀሐይ በሚያገኘው መስኮት ላይ ይለጠፍ። ቀኑ፣ ወረቀቱ፣ ቀለሙና ቅቡ በጀርባው ይጻፉ። ከሁለትና ከሦስት ወር በኋላ ሁለቱን ጎን ለጎን ያስቀመጠ ነጋዴ ስለ ሸቀጡ ማንም ሻጭ ሊነግረው ከሚችለው በላይ ያውቃል።

የሥራ ውሉም ይህን ዕውቀት ይያዝ። ቀለሙ ፒግመንት ነው ወይስ ዳይ፣ ወረቀቱ የምን ዓይነት ነው፣ ቅቡ ምንድን ነው፣ ሥዕሉ በመስታወት ነው ወይስ ገላጣ የሚሰቀለው፣ ፀሐይ በቀጥታ ቢያርፍበት ኃላፊነቱ የማን ነው? እነዚህ አምስት መስመሮች በደረሰኙ ላይ ከሰፈሩ ከዓመት በኋላ የሚነሣ ክርክር አይኖርም።

በአዲስ አበባ የቤተ መንግሥት ፎቶግራፍ አንሺዎች የነበሩት የቦያጂያን ቤተሰብ ያነሧቸው ሥዕሎች እስከ ዛሬ የደረሱት በብር፣ በጄላቲንና በጥንቃቄ ነው። የዛሬው ነጋዴ ብርና ጄላቲን ባይኖረውም ካርቦን፣ ጥሩ ወረቀትና ተስማሚ ቅብ በገበያው አሉለት። ጥንቃቄው ግን የራሱ ድርሻ ነው፤ ሳይቃጠል በቅጠል እንዲሉ ሥራው የሚጀምረው የማተሚያው ቁልፍ ከመጫኑ በፊት ነው።